«ከቀረሁ» እና «ብቀር»

መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው። ሊፍቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ ብሏል። እኔ ውስጥ የሠላሳ ስምንት ተማሪ ደብተር ታቅፌ ቆሜያለሁ። በሩ ሲፈለቀቅ አፍንጫዬ ፊት ዘይት የጠጣ ቡትስ ጫማ ተደቀነ።

«እጅሽን ስጪኝ።»

«መጀመሪያ ደብተሮቹን ተቀበለኝ።»

«ደብተር ከነፍስሽ ይቀድማል እንዴ?»

«እነሱን ለማረም ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል!»

በሳምንቱ የስፓኒሽ ክፍሌ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ አገኘሁት። ቋንቋውን ከቻለ ውጭ አገር ሥራ ይጠብቀዋል። ተማሪዎቹ «ሊፍቱ» አሉት፤ ሊፍት ጠጋኝ ስለሆነ አይደለም፣ ሲጠብቁት ስለማይመጣ ነው።

ስምንት ወር አስተማርኩት። ከክፍል በኋላ ደብተሮቼን እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ይሸከምልኛል። ሁለታችንም ደክሞን ስለምንውል ብዙ አናወራም። አንድ ቀን አግዳሚው ላይ ትከሻዬን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። አውቶቡሴ መጣ፣ ሄደ። አልቀሰቀስኩትም።

ከዚያ የማይሆን ነገር የሚነገርበት የግስ እርባታ ላይ ደረስን።

«'ሲ መ ኬዶ'፣ ከቀረሁ ማለት ነው። ሊሆን ይችላል። 'ሲ መ ኬዳራ'፣ ብቀር። ይሄኛው አይሆንም፣ ምኞት ነው።»

«ቲቸር፣ 'ከዳ' ነው እኮ የሚመስለው!» አለ ሊፍቱ።

«ትርጉሙ መቅረት ነው። አትቀልድ፣ ጻፍ!»

በሁለተኛው እርባታ ዐረፍተ ነገር ሠርተው እንዲያመጡ አዘዝኩ። አረምኩ፣ መለስኩ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ደብተር መሸከሙም ቀረ። ሁለት ሳምንት ቻልኩት። ከዚያ በላይ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ ደረጃው ላይ ያዝኩት።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ነገ የሥራ ውሉን እፈርማለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለህ። ታዲያ ምን ያስኮርፍሃል?»

«ቲቸር፣ መልስሽን በቀይ እስክሪብቶ ሰጥተሽኛል እኮ።»

«የምን መልስ?»

ደብተሩን አውጥቶ ዘረጋልኝ። በስፓኒሽ፣ በተንጋደደ ጽሑፉ «ከቀረሁ መምህሯን አገባለሁ» ይላል። እኔ ሁለቱንም ግስ ሰርዤ «ብቀር መምህሯን አገባ ነበር» ብዬ አርሜዋለሁ። ከጎኑ ደግሞ «አይሆንም!» ብዬ ጽፌበታለሁ። በሁለት መስመር አስምሬበታለሁም።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«አላነበብኩትም...»

«አርመሽው የለ!»

«ማረምና ማንበብ ይለያያል። ሠላሳ ሰባተኛው ደብተር ላይ ስደርስ ግስ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

አጠገቤ ተቀመጠ። «ሆን ብዬ ነው የተሳሳትኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ከስፓኒሽ ሁሉ ያቺን አንዷን እርባታ አሳምሬ አውቃታለሁ። እኔ ግን ምኞት አልነበረም የጻፍኩት...»

ደብተሩን ደረቴ ላይ ታቀፍኩት። ድካም ነው ብዬ ራሴን ልሸውድ ሞከርኩ፣ አልሆነም።

«ነገ እንዳትፈርም።»

«ምን ማለት ነው ይሄ?»

«ትእዛዝ አንቀጽ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ተምረነዋል።»

«ብቀርስ ታዲያ...»

«'ብቀር' አትበለኝ!»

«እሺ። ከቀረሁስ?»

«ከቀረህ... አገባሃለሁ።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እዚህ አገር ያሉት ሊፍቶች እኮ አንዳቸውም ጤነኛ አይደሉም» አለ ከመዳፉ ሥር።

«ሥራ አታጣም ማለት ነው።»

ውሉን ሳይፈርም ቀረ። ስፓኒሹ ከዚያ ወዲያ ባይፈይድለትም ለመጨረሻው ፈተና መጣ። ከመቶ አርባ አንድ አገኘ፤ ጣልኩት። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ባዶ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጠ።

«ጨከንሽ! ዘጠኝ ነጥብ ምን አላት?»

«ሌሎቹስ ምን በወጣቸው?»

«የወደቀ ተማሪ ታገቢያለሽ ታዲያ?»

«ቅዳሜ አገባሃለሁ። አሁን ተነስ፣ ደክሞኛል።»