ሳይጠማው የጠጣው

የሰው ጉድ ከጎረቤት አፍ የሚወጣ ይመስላችኋል? አይደለም፤ የሚወጣው ከቆሻሻው ነው። የዚህን ሰውዬ ጉድ ያወጡትም የሦስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው።

መምህርታቸው ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ግራ ቀኝ አታይም የሚሏት ልጅ ናት። እሷ ግን ታያለች። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለችው ኪዮስክ ጥላ ሥር አንድ ቁልፍ ሠሪ ቆሞ የታሸገ ውኃ ሲጠጣ ማየት ከጀመረች ሁለት ወር ሆኗታል። ጠዋት ይጠጣል፣ በምሳ ሰዓት ይጠጣል፣ ልጆች ሲለቀቁም ይጠጣል። የእህቴን ልጅ ላደርስ ነው፣ ልመልስ ነው ይላል። የእህቱ ልጅ፣ ፌንጣ የሚሏት፣ እግሯ መሬት የማይነካ ጉድ፣ ቤቷ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነው። አንዴ ብትዘል ጓሮዋ ናት።

መጀመሪያ የተነጋገሩት የክፍሏ ቁም ሣጥን አልከፈት ብሎ መጥቶ ሲሠራላት ነው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታው ወሬ ሆነ፣ ወሬው ሳቅ ሆነ። ሲያወራት ጣቱ ሥራ አይፈታም፤ የጠርሙሱን ወረቀት ይልጥና እንደ ክኒን አድቦልቡሎ ወደ ውስጥ ይጥለዋል። ባዶውን ሜዳ ላይ አይወረውርም፤ እሷ እያየችው እንዴት ብሎ? ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከእህቱ ጋር ወደሚኖርበት ቤት ይወስደዋል። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ለመሻገር አንድ ወር ፈጀበት። ከዚያ አንድ ቃል ወደፊት አልሄደም። የአገሩን በር ሲከፍት የሚውል ሰው የገዛ አፉ ተቆለፈበት።

መምህርቷን ደግሞ እናቷ አላስቀምጥ አለቻት። አንድ ባለመኪና ልጅዎን ይዳሩልኝ ብሎ ቤት መጥቷል፤ እናት በሁለት ሳምንቱ እሑድ መልስ እሰጣለሁ ብላዋለች። መምህርቷ ትንሽ ቆዪ ስትላት ማንን ነው የምንጠብቀው አለች።

«የምትጠብቂው ሰው ለመሆኑ አፍ አለው?»

«ውኃ ሲጠጣበት አይቻለሁ፣» አለች መምህርቷ።

በዚሁ ሰሞን ነው ዝናቡ ወርዶ ከትምህርት ቤቱ ጎን ያለው ቦይ በቆሻሻ የተደፈነው። ውኃው ዞሮ አንደኛ ክፍል ገባ፤ የልጆች ደብተር እንደ ዳክዬ ተንሳፈፈ። ወላጅ ሁሉ ቆሻሻ የሚጥለውን ሰው ስጡን አለ። መምህርቷ ግን ልጆቿን ሰብስባ፣ ሰው ከመፈለጋችን በፊት የገዛ ቤታችንን እንይ አለቻቸው። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ የጣለውን በማዳበሪያ አጠራቅሞ ያምጣ። ማዳበሪያው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም፤ የማንም ቤት ስም አይጠራም ብላ ቃል ገባችላቸው።

በሰኞው ግቢው ውስጥ ዘርግተው ለዩት፤ መሬት የምትበላው ወዲህ፣ የማትበላው ወዲያ።

«የብርቱካኑን ልጣጭ እናንተ ክፍል ሳትቀይሩ ትጨርሰዋለች፣» አለች መምህርቷ፣ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንስታ። «ይሄን ግን ትተፋዋለች። እናንተ አያት ትሆናላችሁ፣ እሱ እዚሁ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።»

ከቁጥር አሥራ ሁለት ማዳበሪያ አሥራ አምስት ጠርሙስ ወጣ። ልጆቹ ጉድ አሉ። በገመድ ሰክተው አጥሩ ላይ ሰቀሉትና «አንድ ቤት፣ አንድ ሳምንት» ብለው ጻፉበት። መምህርቷ ጠጋ ብላ አየች። አንዱ ጠርሙስ ውስጥ የተድቦለቦለ ወረቀት አለ። ሁለተኛውም ውስጥ አለ። አሥራ አምስቱም ውስጥ።

ክፍል ገብታ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረችና የዕለቱን ቀን ሁለት ጊዜ ጻፈችው። ላውርደው ይሆን አለች በልቧ። ግን የልጆቹ ሥራ ነው፤ እውነትም ነው። ተወችው።

ማክሰኞ ጠዋት ቁልፍ ሠሪው መጣ፣ ገመዱን አየ፣ ቆጠረ፣ በእጁ ያለውን ጠርሙስ ኮቱ ውስጥ ደበቀ። በማግሥቱ የለም። ሐሙስ የለም፣ ዓርብም የለም። ባለ ኪዮስኳ እንኳ ገበያዬን ገደልሽው ብላ አኮረፈቻት። መምህርቷ ማንንም አልጠየቀችም። ፌንጣ ናት ሳትጠየቅ፣ አጎቴ ውኃ ከቧንቧ ነው የሚጠጣው፣ ራት ግን አይበላም ያለቻት።

ቅዳሜ የወላጆች ቀን ሆነ፤ ነገ ለባለመኪናው መልስ የሚሰጥበት እሑድ ነው። ወላጅ ሁሉ ገመዱ ሥር ቆሞ የማን ነው ይላል። ዓይኑ ዞሮ ዞሮ አንዲት ልብስ አጣቢ እናት ላይ አረፈ፤ ቤቷ ቦዩ አፋፍ ላይ ነዋ። ከበርሜል ቀድቼ የምጠጣ ሰው የታሸገ ውኃ በምኔ እገዛለሁ ብትል ማን ይስማት? ልጇ ቀሚሷ ውስጥ ገብታ ታለቅሳለች።

«የእሷ አይደለም፤ እኔ ዋስ ነኝ፣» አለች መምህርቷ።

ታዲያ የማን ነው አሏት። ብትናገር የልጆቹን ቃል ልትበላ ነው፤ ዝም ብትል ምስኪኗ በሰው እዳ ልትያዝ ነው። ዓይኗን ወደ በሩ ሰደደች።

«የኔ ናቸው፣» አለ ከወደ በሩ።

ቁልፍ ሠሪው ነው፤ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም፣ የብረት ብናኝ ያብለጨልጭበታል።

«ልጄ፣ ሆድህ በርሜል ነው እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አልጠማኝም ነበር፣ አባባ። ሰው በትምህርት ቤት ደጅ ዝም ብሎ ቢቆም ሌባ ነው ይባላል። ውኃ ይዞ ቢቆም ግን ጠምቶት ነው ይባላል።»

«መምህርቷን ለማየት ነው በላ!» አለች አጣቢዋ እንባዋን እየጠረገች፣ ሳቁንም የጀመረችው እሷ ናት።

«እሷን ለማየት ነው፣» አለ፤ አልሳቀም። «ሜዳ ላይ አልጥልም እያልኩ እኮራ ነበር። ከቤት የወጣው ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የሚሄደው ቦዩ ውስጥ ነው። ሰኞ ገብቼ እጠርገዋለሁ። እርስዎም፣ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እርስዎ» ማለቱን ሰማች። መምህርቷ እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«አንተ፣» አለችው ለስለስ አድርጋ። «እኔን ለማየት ውኃ መግዛት አያስፈልግም። ቤታችን ቧንቧ አለ፣ ብርጭቆም አለ። ነገ እሑድ ነው፤ እናቴ እቤት ናት።»

ፌንጣ መሀላቸው ዘላ ገባች። «ቲቸር፣ ስም አይጠራም ብለሽ ነበር።»

«እኔ መች ጠራሁ? ራሱን የጠራው እሱ ነው።»

በማግሥቱ እናት በሩን ከፈተች። ከጫማው እስከ ፀጉሩ ለካችው፣ አስቀመጠችው፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀዳችለት። እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨለጠው።

«ጠምቶህ ነበር?»

«ዛሬስ አዎ፣ እማማ።»

እናት ልጇን አየቻት፤ ልጅ መሬት መሬት ታያለች፣ ከንፈሯ ግን አልሰበሰብ ብሏታል። ባለመኪናው መልሱን የዚያኑ ዕለት ሰማ።

የሠርጉ ማግሥት ሦስተኛ ክፍሎች ማዳበሪያ ይዘው ሠርጉ ቤት ደጅ ላይ ተሰለፉ። ቢፈትሹ ቢፈትሹ አንድ የውኃ ጠርሙስ እንኳ አጡ። ፌንጣ ብቻ ሙሽራው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብላ፣ እንደ ክኒን የተድቦለቦለ የጥሪ ወረቀት አገኘች። አገላብጣ አየችው፣ ሳቀች፣ መሬት የምትበላው ጋ ጣለችው።