ትንሿ ቤት ታውቃለች

ወደ ውሃው ከመግባቷ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነበር። የአየር ሲሊንደሩ ሙሉ ነው። መተንፈሻው ሁለቴ ተፈትሿል። አንዱ ባትሪ በእጇ፣ መጠባበቂያው በመነጽሯ ማሰሪያ ላይ ነው። የገመዱ አንድ ጫፍ ቀበቶዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሌላው ጀልባዋ ላይ በተቀመጠው አጎቷ እጅ ነው። ከገደሉ ሥር፣ ከሐይቁ ወለል በታች፣ የዋሻው አፍ ጠቁሮ ይታያል። ወንድሟ ባለፈው ክረምት በዚያ ገብቶ አልወጣም። ፈላጊዎች ጠልቀው «ጎርፉ ወስዶታል፤ ገመዱም የለም» ብለው ተመልሰዋል። እናቷ ግን ከዚያ ወዲህ በሯን ቀርቅራ አታውቅም። ልጅቷ ከቤት ስትወጣ «ይዤው እመጣለሁ» ብላታለች።

አጎቷ ገመዱን ዳሰሰ። በየአንድ ክንድ ርቀቱ ጥንድ ቋጠሮ አለው፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ትንሿ ሁልጊዜ በመውጫው በኩል ነች። ማዕድን ቆፋሪ የነበረው አባቷ ነው ለሁለቱ ልጆቹ ያስተማራቸው፦ መብራት ሲጠፋ ዳስሱ፣ ትንሿ ወዳለችበት ሂዱ፣ ትንሿ ቤት ታውቃለች።

«ወንድምሽም እንዲሁ ነበር የሚቋጥረው» አለ አጎቷ። «ጨርቅ ነገር እሰሪበትና ይለይ።»

«ከምን ይለይ ጋሼ? እዚያ ውስጥ ከእኔ ሌላ ማን አለ?»

አጎቷ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከገደሉ አናት ዝናብ መውረድ ጀመረ።

«የሰማዩ ነገር አላማረኝም። ነገ ይሁን።»

«ነገ ደግሞ ወገቤን ይላሉ።»

«ወገቤንማ አሁንም አሞኛል። በይ አፍሽን ዝጊና ጥለቂ!»

«አፌን ከዘጋሁማ በምን ልተንፍስ?» ብላ መተንፈሻውን ነክሳ ሰጠመች።

ዋሻው ቀዝቃዛ ነበር። ዝናቡ ያጠበው አፈር ከኋላዋ ገብቶ ውሃውን እያደፈረሰው ሄደ። ባትሪዋን ወደ ላይ ስታበራ ከፊቷ ጣሪያው ላይ የአየር አረፋዎች ተጣብቀው አየች። የእሷ አይደሉም፤ ገና አልደረሰችበትም። ፈላጊዎቹ የተነፈሱት ይሆናል። ይህን አሰበች፤ ግን ከሥራቸው ስታልፍ ትንፋሿን ያዘች።

መተላለፊያው መሃል የቆመ የድንጋይ ምሰሶ ገመዷን ጠመጠመባት። ለማላቀቅ ከቀበቶዋ ፈታችው። በዚያች ቅጽበት ከድንጋዩ ሥር ሰው የሚያህል አምባዛ ዓሣ ተፈናጥሮ ፊቷን መታት። መነጽሯ ከነመጠባበቂያው ባትሪ ተገንጥሎ ሄደ። ፊቷን ልትይዝ ስትል የእጇ ባትሪም አመለጣት። ውሃ በአፍንጫዋ ገባ፤ አነቃት። በጥርሷ መተንፈሻውን ጨምቃ፣ አፍንጫዋን በጣቷ ይዛ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ቆየች።

ጨለማ። ወለሉን ስትዳብስ ገመድ አገኘች። ትልቅ ቋጠሮ፣ ከዚያ ትንሽ። ወደ ትንሿ ዞረችና መሳብ ጀመረች።

መንገዱ ጠበበ። ሲሊንደሯ ጣሪያውን ፋቀ። ስትገባ እንዲህ ጠባብ አልነበረም፤ ጣቶቿ ግን ትንሿን እየቆጠሩ «ወደፊት» ይሏታል። ሦስቴ ሳበች፦ አውጡኝ ማለት ነው። ገመዱ ጥቂት መጥቶ ቆመ። ከዚያ አንዴ፣ በቀስታ፣ መልሶ ሳባት።

አንዴ ማለት «እሺ» ነው። ጋሼ ሰምቷታል! በደስታ ቀዘፈች።

ገመዱ አለቀ። ጫፉ ተበጥሶ ክሩ ተበትኗል። ክሩን የጨበጠ ጓንት አለ። ጓንቱ ባዶ አልነበረም።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባት። ይህ የወንድሟ ገመድ ነው። ውስጠኛው ጫፉ ምሰሶው ላይ ታስሯል፤ በመውጫው በኩል ዓለት በጥሶታል፤ ጎርፉም የተበጠሰውን ጫፍ ወደዚህ የጎን ዋሻ አስገብቶ በደለል ቀብሮታል። እሱም በጨለማ ትንሿን ተከትሎ ነው እዚህ የደረሰው። አሁን መልሶ የሳባት ምን ነበር? ጅረት ነው አለች ለራሷ። ጅረት ነው።

አየሩ ሲሳብ መክበድ ጀመረ። ሲሊንደሩ ወደ ማለቁ ነው። እጁን ይዛለች። ይዤው እመጣለሁ ብላለች። በዚህ ጠባብ ቦታ እሱን መጎተት ደግሞ እዚሁ አጠገቡ መቅረት ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች።

የመልሱ መንገድ ወደ ትልቁ ቋጠሮ ነበር። እያንዳንዱ ቋጠሮ «ተሳስተሻል፣ ተመለሺ» ይላታል፤ በአባቷ ድምፅ፣ ቀጥሎ በወንድሟ። እያለቀሰች አልፋ ሄደች። ምሰሶው ዘንድ ስትደርስ ድንጋዩን ዙሪያውን ዳበሰች። ሁለተኛ ገመድ አለ። ያኛው የላላ ነበር፤ ይህ ግን ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል። ሕያው ሰው ይዞታል። እጇ ላይ ጠምጥማ ሦስቴ ሳበች። እንደ ዓሣ ተጎተተች።

«ምነው የኔ እናት!» አለ አጎቷ ጀልባዋ ላይ እየጣላት። «አንጀቴን ቆረጥሽው እኮ!»

«ጋሼ… አገኘሁት።»

«በሕይ—» ብሎ አፉን በመዳፉ ከደነ።

በማግስቱ ፈላጊዎቹን ራሷ እየመራች ገባች፤ ጣቶቿን ሳይሆን አዲሱን ባትሪ አምና። ወንድሟን አወጡት። እናቷ ከቀብር መልስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ለመውጣት ምን ያህል ቀርቶት ነበር?»

ልትዋሽ ፈልጋ ነበር። የፈላጊዎቹ አለቃ ግን በሜትር ለክቶታል፤ እሷም ሜትሩን ይዛለት ነበር። ከተኛበት እስከ ክፍቱ ሐይቅ፣ መሃል ላይ ባለው ዓለት ጠባብ ስንጥቅ በኩል፣ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ሳንቲም ነው።