የጋሽ ገብረ ሥላሴ የመጨረሻ ቅዳሜ

ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ጋሽ ገብረ ሥላሴ፣ ቦንጋ በምትገኘው አንድ ክፍል ቤታቸው፣ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቃል በሚደረደርበት የስክራብል ሰሌዳቸው ላይ እንደተደፉ ተገኙ። ሐኪሙ የከሰል ጭስ ነው የገደላቸው አለ። መስኮቱ ደግሞ ከውጭ በቃጫ ታስሯል። ፊት ለፊታቸው ባዶ ወንበርና የቀዘቀዘ ሻይ ነበር፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሯቸው ይጫወት የነበረው፣ ከደሴ ተመድቦ የመጣው ወጣቱ መምህር አብነት ታሰረ። «ዋጫ ነበርኩ» ቢልም በዚያች ከተማ ያየው ሰው አልተገኘም። ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ልጁ ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ ነው።

ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ግን የሰው ወሬ በቶሎ የምትውጥ ሴት አይደለችም። ቦንጋ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እራቷን ከሬዲዮ ጋር ነው የምትበላው። መጀመሪያ የሄደችው ልብስ ሰፊው ጋሽ ግዛቸው ዘንድ ነበር።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ኧረ ሰለቸኝ እንጂ አልተጣላንም። ዓለም የማያውቀውን አሥራ አራት ፊደል ያለው ቃል ይደረድሩና ‹ትርጉሙን ደብተሬ ላይ የሚጽፈው ባላጋራ ነው› ይላሉ። ደንባቸው ነው። እኔ ከመርፌ ጋር ስታገል ውዬ ለመጻፍ እጅ የለኝም፤ ተውኳቸው። ቅዳሜ ሺሺንዳ ገበያ ነበርኩ፤ ያላየኝ የለም።»

ወሰንየለሽ የሟቹን ደብተር ገጽ በገጽ ገለጠች። ከዚያ ቆጮ ነጋዴዋን ጎረቤት አነጋገረች።

«እትዬ ተሾመች፣ ቅዳሜ ሰው ሲገባ አይተዋል?»

«ሲገባስ አላየሁም። ጨዋታቸውን ግን ሰምቻለሁ። ‹ተራህ ነው› ይላሉ፣ ይስቃሉ።»

ወሰንየለሽ በራፉ ላይ የተደረደረውን የቆጮ እስር ጎንበስ ብላ አየችው።

በማግስቱ እስረኛውን አብነትን ጨምሮ ሦስቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ደብተሩን እዩት። የሌላው ቅዳሜ ገጽ ሁሉ የሁለት ሰው እጅ ጽሕፈት አለበት። በመጨረሻው ገጽ ያለው ትርጉም ግን ሁሉም የጋሽዬ ነው። ‹ሴስኩዊፔዳሊያን፦ ረጅም ቃል የሚወድ ሰው› ብለው የጻፉትም ራሳቸው ናቸው። በባዶው ወንበር በኩል ያለው ሻይ አልተነካም። ማንም አልመጣም። ‹ተራህ ነው› ሲሉ የነበሩት ባዶውን ወንበር ነው።»

«ታዲያ መስኮቱን ማን አሰረው?» አሉ ጋሽ ግዛቸው።

«ቃጫው ሁለት ዙር ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። እትዬ፣ ቆጮዎን እንዲህ ነው የሚያስሩት።»

ተሾመች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ዝናቡ ይገባባቸው ነበር፤ ነፋሱ መስኮቱን ያላጋዋል። ከሰል መኖሩን በምን ልወቅ? እንግዳ አላቸው ብዬ፣ ላለመረበሽ ወደ ውስጥ እንኳ ሳላይ አሰርኩት። ብቻቸውን መሆናቸውን ባውቅ ገብቼ አጫውታቸው አልነበር?»

ወሰንየለሽ የአብነትን ካቴና ፈታች።

«ነፃ ነህ። ዋጫ ግን አልሄድክም።»

«አልሄድኩም» አለ አብነት አንገቱን ደፍቶ። «እኔም ሰልችቶኝ ቤቴ ተኝቼ ነበር። ደውዬ ‹ከዋጫ እየመጣሁ ነው፣ ይጠብቁኝ› አልኳቸው።»

በሩን ከፈተችለት። አብነት ግን መነሳት አቃተው።