የአርባ አንደኛው ስላይድ ጉዳይ

አስማማው የሞተው ሜክሲኮን ለማሳየት ወንበር ደርድሮ ነው። ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ዐሥራ አንደኛ ፎቅ፤ አራት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተወጠረ ነጭ አንሶላ፣ የጉዞው ፎቶዎች ስላይድ የተጫነበት ፕሮጀክተር። እሱ ግን ሶፋው ላይ ነው፤ ትራሱ ፊቱ ላይ። ጠረጴዛው ላይ የወተት ሻይ የተጠጣባቸው ሁለት ብርጭቆዎች አሉ።

ሬሳውን ያገኘችው ጎረቤቱ ሙሚና ናት። ትርፍ ቁልፉ እሷ ጋ ነበር። ፖሊሶቹ ይህን ሁለት ጊዜ ጻፉት።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ የተጠሩት ምርመራውን ለያዘው ሳጅን ለአስተርጓሚነት ነው። አዲስ አበባ፣ ፖሊስ ምርመራ ክፍል ውስጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። ቶሮንቶ የሚከፈላቸው ለመተርጎም ብቻ ስለሆነ የሚያስቡት በነፃ ነው።

ሙሚና ኮሪደሩ ላይ ድስት ታቅፋ ቆማለች። የሊፍቱ ደወል ባቃጨለ ቁጥር ትደነግጣለች።

«እትዬ፣ ሊወስዱኝ ነው?»

«እስካሁን አልወሰዱሽም። ድስቱ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ሽሮ። ቅቤ የለውም። ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ላስቀምጥለት መጣሁ፤ እሱ የሚበላው ዘጠኝ ሰዓት ነው።» ድምጿ ቀነሰ። «ወረቀቴ ገና አልጸደቀም። ከከሰሱኝ ይመልሱኛል። እዚያ የሚቀበሉኝ ደግሞ ወንድሞቼን የወሰዱት ሰዎች ናቸው።»

ከአስማማውና ከጓደኛው ከገረመው ጋር ሜክሲኮ የሄደው የታክሲ ሹፌሩ ቃሲም ቀጥሎ ገባ።

«ዩካታን ነበርን፤ ከተመለስን ሁለት ሳምንታችን። ፓርኩን ዞርን፣ ፍላሚንጎ አየን። ሴኖቴ የሚሉት አለ፤ መሬቱ ተደርምሶ ከሥሩ ጥርት ያለ ውኃ ያለበት ጉድጓድ። ገረመው እንደ ዓሣ ዘለለ፣ አስማማው ፎቶ አነሣ። እኔ ዋና ስለማልችል ፎጣ ያዥ ነበርኩ።»

«አስማማው አልዋኘም?»

«እሱ ጫማውን እንኳ አያወልቅም። እስር ቤት ውስጥ እግሩን ስለገረፉት ጠጠር መርገጥ አይችልም። ገረመውም ተገርፌያለሁ ይላል፣ እሱ ግን...»

«እሱ ግን ምን?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ፎጣ ነበር የያዝኩት።»

ገረመው ረጋ ብሎ መለሰ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት መጥቼ አብረን ሻይ ጠጣን። ስወጣ ደህና ነበር። ከእኔ በኋላ ቁልፍ ያለው ሰው ነው የገባው።»

«ወተቱን ማን ጨመረ?»

«ራሱ። ሜክሲኮ ሳለንም ያለ ወተት ሻይ አይቀምስም ነበር።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ቃል በቃል ተረጎሙ። ሳጅኑ ጻፈ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ወንበሮቹ ላይ አስቀምጠው መጋረጃውን ዘጉ። አንሶላው ላይ ሮዝ ፍላሚንጎዎች ቆሙ፤ ቀጥሎ ጫካ፤ ቀጥሎ ጉድጓዱ። ከዚያ ባዶ ነጭ ብርሃን። ሙሚና ድስቱን አጥብቃ ያዘች።

«አርባ አንድ ቁጥር የለም» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። «የሣጥኑ ክዳን ላይ አስማማው በእጁ "አርባ አንድ፤ ገረመው ሲዘል" ብሎ ጽፏል።»

«ወድቆ ይሆናል» አለ ገረመው።

«ይሆናል። ወደ ወተቱ እንምጣ። ሁዳዴ ሰኞ ገባ፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። አስማማው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምስም፤ ወተት ደግሞ እስከ ፋሲካ የለም። ሙሚና ሙስሊም ሆና ቀኑን ቆጥራለታለች። አንተ የቆጠርከው ሜክሲኮ ያየኸውን ነው፤ ያኔ ጾሙ አልገባም ነበር። ሻዩን ያፈላኸው ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ትቼው ወጣሁ ብለህ ቁልፍ ያላትን ልታስበላት።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

«ወደ ውኃው ስትወረወር ጠባሳ የሌለው ውስጥ እግርህ ወደ ካሜራው ዞሮ መሆን አለበት። ካናዳ ወረቀት የሰጠችህ ውስጥ እግሬን ገሽልጠውታል ብለህ ነው። አስማማው የራሱን የተገረፈ እግር በየቀኑ ያጥባል፤ ሲያይ ያውቃል። ስላይዱን ለብቻህ አሳየህ፤ አንተም ሌላ ሰው ሳያየው አፍነኸው ስላይዱን ወሰድክ።»

«ስላይዱ የታለ? የሌለ ነገር ማስረጃ አይሆንም።»

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ወደ ሳጅኑ ዞር ብለው ተረጎሙ፤ ከዚያ ወደ ገረመው ተመለሱ።

«ካልሲህን አውልቅ ይልሃል።»

ሳጅኑ ገና አፉን አልከፈተም ነበር።

ገረመው አንሶላው ላይ ያለውን ነጭ ብርሃን አየ፤ ከዚያ ሁለቱን እግሮቹን ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰበ። ሙሚና ከስድስት ሰዓት ጀምራ የታቀፈችውን ድስት ወለሉ ላይ አስቀመጠች።