በጠፈሩ ፊልም ውስጥ የሚያንኳኩት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ሆሳዕና ውስጥ ሕልም አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሞልቷል፣ እራት አብዝቶ የተኛ ሁሉ ነቢይ ነው እያልኩ ነበር የማልፋቸው። ይህን የምነግርህ ያው እኔ ነኝና እመነኝ።

ሥራዬ የውጭ ፊልም በአማርኛ እየተረክሁ በፍላሽ መሸጥ ነው። የክፍሌን ግድግዳ በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኜዋለሁ፣ የምቀዳውም እሁድ ጠዋት ነው፣ ከተማው ቸርች ስለሚሄድና ባጃጁም ስለሚያርፍ። የዚያን እሁድ የደረሰኝ ጠፈር ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰውዬ የሚያወራ ፊልም ነበር። ሲያስጠላ! ምግቡ ታሽጎ ቀርቦለታል፣ አየሩ ተለክቶ ይመጣለታል፣ መሬት ላይ ስንትና ስንት መሐንዲስ እንቅልፍ አጥቶ ይፈልገዋል፣ እሱ ግን ብቸኝነት ገደለኝ ብሎ ይነፋረቃል። የእኛ ልጆች በሞያሌ አድርገው ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ማን ፈለጋቸው? ታናሽ ወንድሜ ኤርሚያስ ከመንደራችን ከሀቢቾ ከወጣ ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው፣ የምትፈልገው እናቴ ብቻ ናት፣ እሷም በጸሎት።

ሰውዬው የመንኮራኩሩን ግድግዳ መደብደብ ጀመረ። እኔ ስናገር የፊልሙ ድምፅ ስለሚጠፋ እንዲህ ያለውን ድምፅ ራሴ ነኝ የምሠራው፣ ጥግ ያለውን ባዶ በርሜል መታ መታ አደረግሁና «ኧረ ክፈቱልኝ!» ብዬ አላገጥሁበት። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ግን በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ምቱ ቀጠለ። ጎረቤት ያለው ጋራዥ ነው አልኩ፣ ጋራዡ እሁድ ዝግ ነው። ማዳመጫውን ሳወልቅ ጸጥታ፣ መልሼ ሳደርገው ምት፣ ፊልሙን አቆምኩት፣ ምቱ አልቆመም፣ መቅጃውም ሁሉን ይቀዳል። ደግሞ የአንድ ሰው እጅ አልነበረም፣ መዳፍ አለ፣ ቡጢ አለ፣ ብረት የሚቧጥጥ ጥፍር አለ፣ መሀል ላይ ሳል ሰማሁ። ምን ልደብቅህ፣ ፈራሁ፣ ኤርሚያስም ትዝ አለኝ።

ደላላው ከቸርች እስኪወጣ ጠብቄ ደወልኩለት፣ ወንድሜን የላከው እሱ ነው፣ በሱፍና በክራቫት ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ቀጣፊ።

«ኤርሚያስ የት ደረሰ?»

«በሰላም ተሻግረዋል ወንድሜ፣ ምን ያስጨንቅሃል?»

«በምን ተሻገሩ?»

«በዕቃ መኪና ነዋ» አለና፣ «ነፋስ በደንብ ይገባል» አለኝ።

ነፋስ ይገባል ወይ ብዬ መች ጠየቅሁት!

ለእናቴም ተሻግረዋል ብሏት ኖሯል። ስትደውልልኝ እልል እያለች ነበር፣ «ልጄ፣ ጌታ ሰምቶኛል፣ ነገ ቤት ምስጋና አለን፣ እንዳትቀር» አለችኝ። አሜን አልኳት፣ እኔ!

ምስጋናው ላይ ዘመሩ፣ በሉ፣ ደላላውን መረቁት፣ የሞኝ ቤት! ስመለስ የርካሽ ማይክ ጣጣ ነው ብዬ ልሰርዘው ቅጂውን ከፈትሁት፣ ከመሰረዜ በፊት ግን አንዴ ልስማው ብዬ ሰማሁት። የሚያንኳኩት እጆች ቀንሰዋል። በማግስቱ ደግሜ ከፈትሁት፣ ጥፍሩ የለም፣ ሳሉ የለም፣ ቀስ እያለ የሚመታ ጥቂት መዳፍ ብቻ ቀርቷል።

ኤርሚያስ ራሱ እስካሁን አልደወለም። እናቴ የስልኩ ነገር ነው ትላለች፣ እኔም ይሆናል እላታለሁ። ቅጂውን አልሰረዝሁትም፣ አልከፍተውምም፣ ካልከፈትሁት እጆቹ አይቀንሱም።