እህል ሳትቀምሺ

«ያልተገደበ ነው ያልሁት» አሉ መምህር ሣህለ ማርያም፣ ጠመኔያቸውን ወደ ተማሪው ወደ ፋንታ እየጠቆሙ። «አንድ ሚሊዮን አይደለም። ማለቂያ የሌለው ገንዘብ ዛሬ በድንገት ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?»

«መጀመሪያ ይህን ትምህርት ቤት እገዛና እዘጋዋለሁ።»

ክፍሉ ሳቀ። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ባንቺዓለም ዘወር አለች። «ከተዘጋ በኋላ ከየት ልትፎርፍ ነው ታዲያ?»

«አንቺን ዘበኛ አድርጌ እቀጥርሻለሁ፣ አታስቢ።»

መምህሩም ፈገግ አሉ። «በሉ፣ ለሰኞ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ትመጣላችሁ። ማሰብ አይከፈልበትም።»

ወይንእሸት ብቻ አልሳቀችም። ደብተሯ ላይ ርእሱን ጻፈች፤ ከሥሩ ያለውን መስመር ግን ደወሉ እስኪደወል ባዶውን ተወችው። ማለቂያ የሌለው ገንዘብ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ገና ሳይገኝ የሠራውን አይታለች።

ሞጣ ያለውን ቤታቸውን የሠሩት ቅድመ አያቷ፣ ጣሊያን ሲመጣ አንድ ጋን ሙሉ ጠገራ ብር ቀብረው ቦታውን ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ ይባላል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ለዘሩ ታናሽ በሕልም ይታያል። ያየውም ሰው እህል ውኃ ሳይቀምስ መናገር አለበት፤ ከቀመሰ ሕልሙ ከንቱ ነው። የቤቱ ታናሽ ደግሞ ወይንእሸት ነበረች። በሬያቸው በሞተ ዓመት አባቷ አቶ አለበል ጠዋት ጠዋት ከመኝታዋ አጠገብ ቁጢጥ እያሉ፣ «አየሽ እንዴ ልጄ?» ይሏት ጀመር። «አላየሁም» ባለች ቁጥር ፊታቸው ሲጠወልግ ታያለች።

ስምንት ዓመቷ ነበር፤ አንድ ቀን «አየሁ» አለች። ጥቁር ባርኖስ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው አለች፤ ከቤታችን ውስጥ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ መሬት ዘርግተው።

አባቷ ከመኝታዋ አንሥተው ደረታቸው ላይ አጣበቋት። ከዚያ በፊት አቅፈዋት አያውቁም። ልባቸው ሲመታ ጆሮዋ ሥር ይሰማት ነበር።

በማግስቱ ጓዳው ተቆፈረ። ከዚያ መደቡ፣ ከዚያ ጓሮው። በሦስተኛው ዓመት ወንድሟ የኔሰው አፈር ለማውጣት ሲል ትምህርቱን ተወ። በአምስተኛው እናቷ «ጉድጓድ አፋፍ ላይ ልጅ አላሳድግም» ብላ እሷን ይዛ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ቢቸና መጣች። የኔሰው ግን «አባን ብቻቸውን አልተዋቸውም» ብሎ እዚያው ቀረ። ወይንእሸት አሁን ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ያን ጠዋት ምንም እንዳላለመች ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ሽማግሌው ግን ይመጣሉ። ያኔ ፈጥራ የተናገረቻቸው ሰው፣ ቢቸና ከገባች ወዲህ በእውነት በሕልሟ መምጣት ጀመሩ። ባርኖሳቸው ላይ እርጥብ አፈር አለ። ወደ መሬት አይጠቁሙም። መዳፋቸውን ከፍተው ያሳዩዋታል፤ ባዶ ነው። ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው ያዩዋታል።

ቅዳሜ ማለዳ፣ እናቷ ገበያ እንደወጣች፣ ትታው የሄደችው ስልክ ጮኸ። የኔሰው ነበር።

«እማ አለች?»

«ገበያ ሄደች። ምነው ድምፅህ?»

«አፈሩ ነው፤ ጉሮሮዬን ዘጋው።» ሳለ። «ስሚ ወይኒ። ያልተቆፈረ የቀረው የመካከሉ ምሰሶ ሥር ነው። ዛሬ እንገባለን።»

«ማን ነው የሚገባው?»

«የአባ ወገብ አይታጠፍም። እኔ ነኛ።»

«ጣሪያው በሙሉ እኮ ያረፈው ምሰሶው ላይ ነው።»

«እሱን እኔም ብያለሁ። በግንድ እንደግፈዋለን አሉኝ።» እንደገና ሳለ። «አሁን ግንድ ሊያመጡ ወጥተዋል። ሲመለሱ በዚሁ ስልክ ይደውሉልሻል። ሽማግሌው እጃቸውን የዘረጉት ወዴት እንደሆነ እንደገና ከአፍሽ ልስማ ብለዋል። እስከዚያ ምንም እንዳትቀምሺ።»

«የኔሰው፣ አንተስ ታምናለህ?»

«እኔማ የማምነው አንቺን ነው» አለና ሳቀ። «ጋኑ ከተገኘ ባጃጅ ነው የምገዛው። አንቺን በነጻ እጭንሻለሁ።»

ወይንእሸት ስልኩን ከደብተሯ አጠገብ አስቀመጠችው። ቀላል ነበር። «ወደ ደጅ ነው የጠቆሙት፣ ወደ ብሳናው ዛፍ» ብትል የኔሰው ከምሰሶው ሥር አይገባም። የአባቷም ድምፅ እንደዚያ ጠዋት ይሞቃል። ብሳናው ሥር ይቆፈራል። ክረምቱ ያልፋል። ከዚያ እንደገና ይደውሉላታል፤ እሷም እንደገና ሌላ ቦታ ትፈልግላቸዋለች። የኔሰው ሠላሳ ዓመት ይሞላዋል፣ አፈር እንደተሸከመ።

እውነቱን ብትነግራቸውስ? ያን ጠዋት ያቀፏት ለውሸት እንደነበር እሳቸውም ያውቃሉ። ከአባቷ ያላት ደግሞ ያ ጠዋት ብቻ ነው።

እርሳሷን አንሥታ ባዶው መስመር ላይ ጻፈች። «ማለቂያ የሌለው ገንዘብ ባገኝ ጉድጓዶቹን ሁሉ አስደፍናለሁ።» መልሳ አነበበችው። ለዚህማ አንድ አካፋ ይበቃል።

ስልኩ ጮኸ።

አላነሣችውም። ተነሥታ እናቷ ለቁርስ ከድና ከተወችው ዳቦ ቆረሰችና ጎረሰች። ውኃ ተጎነጨችበት። ስልኩ አሁንም እየጮኸ ነበር፤ አነሣችው።

«ልጄ» አሉ አባቷ። እያለከለኩ ነው፤ ግንዱን ተሸክመው የመጡት ራሳቸው መሆን አለባቸው።

«አባ፣ የኔሰው የት ነው?»

«ይኸው አጠገቤ። ገና አልገባም፣ አንቺን እየጠበቅን ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ መኝታዋ አጠገብ ቁጢጥ ያሉ መሰላት። «እህል አልቀመስሽም አይደል?»

«ቀምሻለሁ፣ አባ።»

«ምነው ልጄ፣ ምነው?» አሉ አባቷ።

«ቁጭ ይበሉ» አለች። «የኔሰውም ይጠጋና ይስማ። የምነግራችሁ ሕልም አይደለም።»