ጋሽ አራት ሰዓት የቸኮሉ ዕለት

የቀለም ነጋዴው መሐል ከተማ፣ ከሱቃቸው ጀርባ ባለው ማቆሚያ፣ መኪናቸው ውስጥ መሪው ላይ ድፍት ብለው ተገኙ። ማጅራታቸውን በከባድ ብረት ተመትተዋል። ኢንስፔክተሯ የመኪናውን በር ከፍታ ቆመች። የፊት ወንበሩ ላይ ደም የለም ማለት ይቻላል። ከጎናቸው ያልተገለጠ ጋዜጣና የሻይ ፔርሙስ፣ ከኋላ ደግሞ የተጠቀለለ የቀለም ቀቢ ሸራ አለ። ፔርሙሱን ነቅነቅ አደረገችው፤ ሙሉ ነው።

«ታናሽ ወንድማቸው ነው» አላት አለቃዋ በስልክ፣ ገና አፏን ሳትከፍት። «መኪናዋ የከተማውን መግቢያ ኬላ ያለፈችው ሦስት ከአርባ ላይ ነው፤ ካሜራው መዝግቧታል። አራት ከሃያ ላይ ሞተው ተገኙ። ከተማው ውስጥ ደግሞ ከታናሽየው በቀር ማን አላቸው? ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። መዝገቡ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

ነገሩን እሱ ከጨረሰው እሷን ለምን እንደጠራት አልገባትም። ብሽቅ እያለች ወደ ማረፊያ ቤት ሄደች።

ታናሽየው ዓይኑ አብጧል። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሱቅ ነበርኩ። እስከ ሦስት ከሃምሳ ደንበኛ ነበረኝ፤ ከዚያ በኋላ ብቻዬን ነኝ። ምን ላድርግ?»

«የተጣላችሁት በምን ነበር?»

«በሱቃችን በር! ቀለም ሻጭ ሆነን በራችን ተልጦ ሰው ይስቅብናል። እንቀባው ብል ‹ገና ነው› አለኝ። ለዚህ ወንድሜን ልግደል?»

የሟች ቤት ከኬላው ውጭ፣ ከከተማው ዳር ነው። ባለቤታቸው ጥቁር ለብሰው ተቀመጡ፤ አጠገባቸው የራሳቸው ወንድም አለ። የሟችን ሚኒባስ ዘጠኝ ዓመት የነዳ ሾፌር ነው።

«ሁለት ተኩል ላይ ወጡ» አሉ ሴትዮዋ። «ስለ ሚኒባሷ የምነግረው አለኝ ብለው መጀመሪያ እሱ ጋ፣ እዚሁ ሰፈር ያለው ጋራዥ ጎራ አሉ።»

«መጡ፣ አወራን፣ ሄዱ» አለ ሾፌሩ። «እኔ ፍሬን እያሠራሁ ነበር። የኬላውን መዝገብ እዩት፤ የሚኒባሷ ታርጋ ጠዋት አልገባም።»

በማግስቱ ገና በአሥራ ሁለት ተኩል ኬላው ላይ ደረሰች። ኃላፊው ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

«ደብዳቤ ካልያዙ መዝገብ አናሳይም።»

«ትናንት ለአለቃዬ ነግራችሁታል እኮ!»

«እሱ በስልክ ነው፤ ይሄ በአካል ነው።»

ደብዳቤው እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጎለተች። አንድ ልጅ ታስሮ እሷ ማኅተም ትጠብቃለች። ሌላ የምታየው ቢጠፋ በመስኮት ወደ መንገዱ ተመለከተች። ከኬላው በፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ሞተር ያጠፉ መኪኖች ተደርድረዋል። ከሁሉም ፊት ያለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«እነዚያ ምን ይሠራሉ?»

«አራት ሰዓት ይጠብቃሉ» አለ ኃላፊው። «ከአሥራ ሁለት እስከ አራት የገባ የቤት መኪና ይከፍላል፤ ከአራት በኋላ ነፃ ነው። ፊት ያለችው ቦታ የጋሽ አራት ሰዓት ናት፤ የቀለም ነጋዴው። ሻያቸውን እየጠጡ፣ ጋዜጣቸውን እያነበቡ ይጠብቃሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ከፍለው አያውቁም። ሰዉ አሁንም አልነካባቸውም።»

ኢንስፔክተሯ ብድግ አለች። «ሚኒባሶችስ?»

«እነሱ መቼም አይከፍሉም። በቀኝ ጥግ፣ በአንደኛው መስመር ሽው ነው። ሌላ መኪና በዚያ ካለፈ ይቀጣል።»

ደብዳቤው ሲደርስ መዝገቡን አነበበች፤ ደግማም አነበበች። ከዚያ ሁሉንም አስጠራች።

አራት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የኃላፊው ጠባብ ክፍል ሞላ። አለቃዋ ሰዓቱን እያየ ቆሟል፤ ታናሽየው እጁ በካቴና ነው።

«ይህ ካሜራ የሚያነበው ታርጋ ነው፤ ፊት አያይም» አለች። «መኪናዋ ሦስት ከአርባ ላይ ገባች። ጋሽ አራት ሰዓት ግን ሃያ ደቂቃ አጥተው ከፍለው ይገባሉ? ፔርሙሱ ሙሉ ነው፣ ጋዜጣው አልተገለጠም። ትናንት አልጠበቁም፤ ምክንያቱም ሞተው ነበር። ሸራውን ትናንት ማታ አስፈታሁት፤ ውስጡ ደም ብቻ ነው። ሬሳቸው የኋላ ወንበር ላይ ተሸፍኖ ነው የገባው፤ መሪው ላይ የተደፋው ሱቁ ጀርባ ከደረሰ በኋላ ነው።»

«ስለዚህ የተገደሉት ከኬላው ውጭ ነው» አለ አለቃዋ ቀስ ብሎ።

«ታናሽየው ደግሞ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ከተማ ውስጥ ነበር። ነድቶ ያስገባቸው ሰው እዚህ ሲደርስ ሰዓት ማየት አልለመደም። መስመርም አልመረጠም፤ በአንደኛው አለፈ። የቅጣት ወረቀቱ ይኸው።» ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ዘጠኝ ዓመት በየትኛው መስመር ነው የምትገባው?»

ሾፌሩ ከንፈሩን ላሰ። «የእኔ ታርጋ…»

«የአንተ ታርጋማ ጋራዥ ነበር። ስትመለስ በሰው ሚኒባስ ወጣህ፤ መውጫው ላይ ካሜራ የለም። ረዳቶቹ ግን ያውቁሃል። ያሳፈረህን እስከ ምሳ ድረስ አገኘዋለሁ።»

ሾፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «ሸጥኳት አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ያደርኩባትን! ‹ነገ ቁልፉን ለገዢው ስጥ› ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። የጎማ መፍቻው እጄ ላይ ነበር።» ቀና ብሎ እህቱን አየ። «እቴቴ…»

«አትጥራኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ትናንት አጠገቤ ቁጭ ብለህ አብረኸኝ ስታለቅስ ነበር። ሃያ ደቂቃ ብትጠብቅ ኖሮ ይህን ልጅ ታሰቅለው ነበር።»

አለቃዋ የታናሽየውን ካቴና ፈታ። ልጁ እጁን እያሻሸ ሴትዮዋ አጠገብ ቆመ፤ እሳቸውም ክንዱን ያዙት።

ልክ አራት ሰዓት ሲሞላ ከመንገዱ ዳር ሞተሮች ተነሡ። ከባዶው ቦታ ኋላ ያለው ነጂ እንደ ወትሮው ፊት ያለው እስኪወጣ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ትዝ አለውና ዞሮ አለፈ።